የብርድ አገር ድሪቶና የሙቀት ወራት ቁምጣ

በጃፓንኛ «ቦሮ» የሚባለው ያለቀ፣ የነተበና እየተጣፈ የኖረ ጨርቅ ነው፤ ቃሉ የአንድን ነገር መነታተብና መበጣጠስ በድምፁ ጭምር ከሚስለው «ቦሮቦሮ» ከተሰኘው አነጋገር ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ በአማርኛ አቻውን ለሚፈልግ ሰው ከ«ድሪቶ» የሚቀርብ ቃል አይገኝም። ድሪቶ «ደረተ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ የጨርቁን ማለቅ ብቻ ሳይሆን እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረበ መሰፋቱንም ይናገራል፤ ቦሮም እንዲሁ እጦትንና የእጅ ሥራን በአንድ ቃል ይዞ የኖረ ስም ነው። ዛሬ ግን ይህ ስም የሚሰማው ሌላ ቦታ ነው። በቶኪዮ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ የልብስ መደብሮች ጥቁር ሰማያዊ፣ ውሃ ሰማያዊና ግራጫ እራፊዎች የተደራረቡባቸው፣ በነጭ ክር ከዳር እስከ ዳር የተሰፉ ቁምጣዎች በቦሮ ስም ይሸጣሉ፤ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ እራፊ ካልነካው ቁምጣ በእጅጉ ይበልጣል። ብርድን ለመከላከል የተፈጠረ የልብስ አሠራር በሙቀት ወራት ለሚለበስ አጭር ሱሪ መልክ ሊሆን የቻለው እንዴት እንደሆነ ለመረዳት፣ ከፋሽን መድረክ በፊት የጥጥን ተክል፣ የመርከቦችን መሥመርና የመርፌን አካሄድ መመልከት ያስፈልጋል።

የቦሮ ዋና አገር ቶሆኩ የሚባለው የሆንሹ ደሴት ሰሜናዊ ምሥራቅ ክፍል፣ በተለይም በደሴቲቱ ጫፍ የሚገኘው የአኦሞሪ አውራጃ ነው። የአውራጃው ዋና ከተማ በዓለም ላይ ብዙ በረዶ ከሚወርድባቸው ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ በአንድ የብርድ ወቅት የሚወርደው በረዶ ሲደመር በአማካይ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ጥጥ ደግሞ ረጅም፣ ሞቃትና ውርጭ የሌለበት ወቅት የሚፈልግ ተክል ነው፤ ስለዚህም በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን (ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የጥጥ እርሻ በጃፓን ሥር ሰዶ በኦሳካ ዙሪያና በሌሎች ሞቃት ቦታዎች ሲስፋፋ፣ ሰሜኑ ከዚህ በረከት ውጭ ቀረ። የሰሜን ገበሬ የሚያመርተው ሄምፕን ነበር። ሄምፕ ከግንዱ ልጥ ክር የሚወጣለት ተክል ሲሆን፣ ከእርሱ የሚሸመነው ጨርቅ ጠንካራ ቢሆንም ሻካራ ነው፤ በድሩና በማጉ መካከልም ክፍተት ስለሚኖረው በሙቀት ጊዜ ደስ የሚል፣ በብርድ ጊዜ ግን ነፋስ እንደ ወንፊት የሚያልፍበት ልብስ ይሆናል። በዚህ ላይ ከ1603 እስከ 1868 በዘለቀው የኤዶ ዘመን ማን ምን መልበስ እንዳለበት በድንጋጌ ይወሰን ስለነበር፣ በአኦሞሪ ምዕራባዊ ክፍል በነበረው የትሱጋሩ ግዛት ገበሬው የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ተከልክሎ ነበር፤ የአየሩ ጠባይ የነፈገውን አዋጁም ነፈገው።

ጥጥ ወደ ሰሜን ገበሬ ቤት የገባው በአብዛኛው ልባሽ ጨርቅ ሆኖ ነው። ኪታማኤቡኔ የሚባሉ የንግድ መርከቦች ከኦሳካ ተነሥተው በጃፓን ባሕር ጠረፍ በኩል እስከ ሆካይዶ ደሴት ይመላለሱ ነበር፤ ወደ ሰሜን ሲወጡ ጨው፣ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥና የከተማ ሰው ለብሶ የጨረሰውን የጥጥ ልብስ ይጭናሉ፣ ወደ ደቡብ ሲመለሱ ደግሞ የደረቀ የባሕር አረምና ሄሪንግ ከተባለው ዓሣ የሚዘጋጅ ማዳበሪያ ይዘው ይወርዳሉ። ያ የዓሣ ማዳበሪያ ከሚበተንባቸው ማሳዎች መካከል የምዕራብ ጃፓን የጥጥ እርሻዎች ዋነኞቹ በመሆናቸው፣ የሰሜን ባሕር ዓሣ በደቡብ መሬት ላይ ጥጥ ሆኖ በቅሎ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ፣ ከዚያም በከተማ ሰው ገላ ላይ አርጅቶ፣ በመጨረሻ እራፊ ሆኖ ዓሣው ወደ ተጠመደበት አገር ይመለስ ነበር ማለት ነው። በዚህ ዑደት መጨረሻ ላይ የምትገኘው የሰሜን ባለትዳር ከነጋዴ የምትገዛው ሙሉ ልብስ ሳይሆን ቁራጭ ጨርቅ ነበር፤ መዳፍ የማታክል ቁራጭ እንኳ የት ቦታ ላይ እንደምትውል ታስቦባት እንጂ እንዲያው አትጣልም።

ይህ እጦት ካስገኛቸው የእጅ ጥበቦች ሁለቱ በተለይ ሊነገርላቸው ይገባል። በትሱጋሩ ሴቶች ጥቁር ሰማያዊ በተነከረው የሄምፕ ጨርቅ ክፍተት ውስጥ ነጭ የጥጥ ክር እየቆጠሩ ያስገቡ ነበር፤ ኮጊን የሚባለው ይህ ስፌት የጨርቁን ድር በጎደሎ ቁጥር፣ ማለትም በ1፣ በ3፣ በ5 እየዘለለ የሚሄድ ሲሆን፣ በምሥራቅ በኩል ባለው በናንቡ ግዛት ደግሞ ሂሺዛሺ የተባለው ስፌት በሙሉ ቁጥር፣ በ2፣ በ4፣ በ6 ይቆጥራል። ከዚህ ትንሽ የቁጥር ልዩነት ብቻ የአልማዝ ቅርጹ በአንዱ ቆሞ የረዘመ፣ በሌላው ወደ ጎን የተለጠጠ ይሆናል፤ ልብሱን አይቶ የለባሹን ግዛት መለየት የሚቻለውም በዚህ ነው። ክሩ ክፍተቱን ሲሞላ ነፋሱ ይዘጋል፣ ሸክም የሚያርፍበት ትከሻም ይጠነክራል። ጌጡ ከዚህ ሥራ የተለየ ነገር አልነበረም፤ ማስጌጥና ማሞቅ በአንድ መርፌ የሚፈጸሙ በመሆናቸው፣ የትኛው ለየትኛው ሲባል እንደተሠራ የዛሬ ተመልካች ለይቶ ለመናገር ይቸገራል።

በእንዲህ ያለ ቤት የጥር ሌሊት ምን እንደሚመስል ከተሰበሰቡት ልብሶች መረዳት ይቻላል። በቤቱ መካከል ወለሉ ተቦርቡሮ የተሠራ፣ ኢሮሪ የሚባል ምድጃ አለ፤ ከእርሱ ራቅ ሲል ግድግዳው በረዶ ይተነፍሳል። በመኝታው ላይ ገለባ ተነጥፏል፤ በገለባው ላይ ደግሞ ዶንጃ የተባለው መኝታ ይዘረጋል። ዶንጃ የኪሞኖ ቅርጽ ያለው፣ እጅጌና አንገት ያለው ወፍራም ድሪቶ ሲሆን፣ ውስጡ በሄምፕ ጭረት ይሞላል፤ በላዩ ላይ ከትውልድ ወደ ትውልድ እራፊ ስለሚደረብበት ክብደቱ እስከ 14 ኪሎ የሚደርስ አለ። አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ ማጠፍ የሚያቅተው ይህ ልብስ የሚለበሰው በአንድ ሰው አይደለም፤ የቤቱ ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው፣ ልጆችን መካከል አድርገው፣ በአንዱ ዶንጃ ውስጥ ገላ ለገላ ተጠጋግተው እየተሟሟቁ ያድራሉ። በዚያው አገር «ቦዶ» የሚባል ሌላ ድሪቶ ነበር፤ ሴት ልጅ ምጥ ሲይዛት የምትቀመጥበት፣ ሕፃኑም መጀመሪያ የሚያርፍበት ይህ ጨርቅ ከአያቶችና ከቅድመ አያቶች ልብስ በተወሰዱ እራፊዎች የተደራረበ በመሆኑ፣ አዲስ የተወለደው ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የሚቀበለው የዘመዶቹ ሁሉ ልብስ ነበር። ለዚህ ጨርቅ ድሪቶ የሚለው ቃል ያንሰዋል፤ በፋሽን መደብር ውስጥ ስሙ ሲነሣ የማይነገረውም ይኸው ክፍል መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

እራፊዎቹን አንድ ላይ የያዘው ስፌት ሳሺኮ ይባላል፤ ትርጉሙ «ትንንሽ መውጋት» ሲሆን፣ አሠራሩ መርፌው በጨርቁ ላይ እየወጣና እየገባ በቀጥታ መሥመር የሚሄድበት፣ ማንም ልጅ በመጀመሪያ ቀን የሚማረው ተራ ስፌት ነው። ጥበቡ ያለው በእጁ አያያዝ ላይ ነው። ሰፊዋ መርፌውን በመግፋት ፈንታ ጨርቁን በሁለት እጇ ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዘች ወደ መርፌው ታመጣዋለች፤ የመርፌው ራስ መዳፍ ላይ በተደገፈ ክብ ማቆሚያ ላይ ስለሚያርፍ እጇ አይወጋም፤ ብዙ እጥፋት በመርፌው ላይ ከተሰበሰበ በኋላ ክሩ በአንድ ጊዜ ይሳባል፣ ከዚያም ጨርቁ እንዳይሸበሸብ በጣት ይታሻል። ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ትንሽ ስሌት ይበቃል፦ ወርዱና ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ እራፊ ላይ መሥመሮቹ በ5 ሚሊሜትር ተራርቀው ቢሰፉ 40 መሥመር ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ስፌት 4 ሚሊሜትር፣ ከሚቀጥለው ስፌት ያለው ርቀትም 4 ሚሊሜትር ቢሆን በአንድ መሥመር 25 ስፌት ይገኛል፤ ስለዚህ አንዱን የቁምጣ ጭን ፊት እንኳ ለማይሸፍን እራፊ መርፌው 1,000 ጊዜ መውጣትና መግባት አለበት።

ይህ ሁሉ ድካም ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀጭን ጨርቅ በቀጭን ጨርቅ ላይ ሲደረብ በመካከላቸው አየር ይታገታል፣ ሙቀትን የሚይዘውም ያ አየር ነው፤ ስፌቱ ንብርብሮቹ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል፣ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈውን ጫናም ወደ ብዙ ነጥቦች ያከፋፍለዋል። የሳሺኮ ክር ለስለስ ብሎ የተፈተለ ጥጥ በመሆኑ መሳብ ሲበዛበት ከጨርቁ ቀድሞ የሚበጠሰው እርሱ ነው፤ ክር ተበጥሶ እንደገና ይሰፋል፣ ጨርቅ ሲቀደድ ግን ሌላ ጨርቅ ይጠይቃል። ለዚሁም ሲባል እራፊው ከሚጣፍበት ልብስ የጠነከረና አዲስ እንዳይሆን ይመረጥ ነበር፤ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ በአሮጌ ልብስ ላይ ሲጣፍ ምን እንደሚያስከትል ከወንጌሉ ምሳሌ የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ሰፊ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በኤዶ፣ ማለትም በዛሬይቱ ቶኪዮ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይለብሱት የነበረው ካፖርትም በዚሁ ስፌት የተደራረበ ጥጥ ነበር፤ በውሃ ሲነከር ንብርብሩ ውሃውን አምቆ ስለሚይዝ ለባሹን ከነበልባል ይጠብቀው ነበር።

ሰማያዊው ቀለምም የራሱ ታሪክ አለው። ኢንዲጎ የሚባለው ይህ ማቅለሚያ በጃፓን «አይ» ከተባለ ተክል ቅጠል ይገኛል፤ በሺኮኩ ደሴት በምትገኘው፣ ቀድሞ አዋ ትባል በነበረችው ቶኩሺማ፣ የደረቀው ቅጠል በውሃ እየራሰና እየተገላበጠ 100 ቀን ያህል እንዲብላላ ይደረግና ሱኩሞ የተባለ ጥቁር አፈር የመሰለ ነገር ይሆናል። ሱኩሞው በጋን ውስጥ ከአመድ ውሃ፣ ከኖራ፣ ከስንዴ ፉርሽካና ከሳኬ ጋር ሲጠነሰስ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት በውሃ የማይሟሟውን ቀለም ወደሚሟሟ ይለውጡታል። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ ሰማያዊ አይደለም፤ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣና አየር ሲነካው በተመልካቹ ዓይን ፊት ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ቀለሙ ከክሩ ውስጥ ይልቅ በክሩ ላይ የሚያርፍ በመሆኑ በእያንዳንዱ ንክኪና ፍትጊያ ጥቂት ይለቃል፤ ቦሮን ቦሮ ያስመሰለው ከጥቁር ሰማያዊ እስከ ነጣ ሰማይ ያለው የቀለም ደረጃ በአንድ ሠዓሊ አልተመረጠም፤ እያንዳንዱ እራፊ ስንት ዓመት እንደተለበሰና ስንት ጊዜ እንደታጠበ የሚናገር ምስክር ነው።

የባቡር ሐዲድ በ1891 አኦሞሪ ሲደርስ ከፋብሪካ የወጣ ርካሽ ጥጥ አብሮ ደረሰ፤ ኮጊን የመስፋት አስፈላጊነትም በአንድ ትውልድ ውስጥ እየጠፋ ሄደ። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ የሕዝብ ዕደ ጥበብን ለመጠበቅ የተነሡትና በ1936 በቶኪዮ የጃፓን የሕዝብ ዕደ ጥበባት ሙዚየምን ያቋቋሙት ያናጊ ሶኤትሱ ኮጊንን ከፍ አድርገው አመሰገኑ፤ ቦሮ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ ለማግኘት ገና ብዙ መጠበቅ ነበረበት። ኮጊን ሥርዓት ያለውና ለዓይን የሚያምር ጥልፍ ነው፤ ቦሮ የችግር ማስታወሻ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ስትበለጽግ ብዙ ቤተሰቦች ድሪቶውን ከሣጥን አውጥተው አቃጠሉት ወይም ጣሉት፣ ያልጣሉትም እንግዳ እንዳያየው ደበቁት፤ ድህነትን ያየ ሕዝብ ሁሉ ይህን እፍረት ያውቀዋል፣ በዚህም ሊወቀስ አይገባም።

ቦሮ ጨርሶ እንዳይጠፋ ያደረጉት በ1933 በአኦሞሪ የተወለዱት ታናካ ቹዛቡሮ ናቸው። እኚህ የባህል ተመራማሪ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰሜን መንደሮች እየተዘዋወሩ፣ ከአሮጊቶች ጋር ተቀምጠው የልብሱን ታሪክ እየጠየቁ፣ ሌላው እንደ ቆሻሻ የቆጠረውን ይሰበስቡ ነበር፤ የሰበሰቡት የልብስና የቤት ዕቃ ቁጥር ከ20,000 በላይ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 786ቱ በመንግሥት የሕዝብ ባህል ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። የፊልም ሠሪው አኪራ ኩሮሳዋ በ1990 ለታየው «ሕልሞች» ለተባለው ፊልማቸው ከዚህ ስብስብ ልብስ ወስደው ተጠቅመዋል፤ ከ2009 እስከ 2019 ድረስም በቶኪዮ አሳኩሳ ሠፈር የነበረው አሚዩዝ ሙዚየም ቦሮዎቹን ለሕዝብ አሳይቷል። ታናካ በ2013 አረፉ። የሰበሰቧቸው ልብሶች አብዛኞቹ የሠሪያቸው ስም የላቸውም፤ የሴቶቹ ፊርማ ስፌታቸው ነው፣ በአንድ ልብስ ላይ የአማትና የምራት እጅ በስፌቱ ርዝመት የሚለይበት ጊዜ አለ።

ፋሽን ወደዚህ ዓለም የገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው የፓሪስ መድረክ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሬይ ካዋኩቦና ዮጂ ያማሞቶ የተባሉት ጃፓናውያን ዲዛይነሮች ቀዳዳና የተተረተረ ጠርዝ ያላቸውን ልብሶች ሲያሳዩ ብዙ የአውሮፓ ጋዜጠኞች ደንግጠው ነበር፤ ያለቀ ጨርቅ ውበት ሊኖረው እንደሚችል ዓለም መስማት የጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛውና ለቁምጣው የበለጠ የሚቀርበው በር በኦካያማ አውራጃ የምትገኘው ኮጂማ ናት። የኮጂማ አካባቢ መሬት አብዛኛው ከባሕር የተወሰደ በመሆኑ ጨው ይበዛበታል፤ ሩዝ እምቢ ባለበት በዚያ አፈር ላይ ጨውን የሚታገሥ ጥጥ ተተከለ፣ ከጥጡ ሽመና፣ ከሽመናው የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት ተከተለ፤ በ1965 ደግሞ በጃፓን ከተሰፉት የመጀመሪያዎቹ ጂንሶች መካከል የሚቆጠረው ከዚያው ወጣ። በአጎራባቹ የሂሮሺማ አውራጃ በ1893 የተቋቋመው ካይሃራ ቀድሞ በኢንዲጎ የተነከረ ባህላዊ የካሱሪ ጨርቅ ሸማኔ የነበረ ሲሆን፣ በ1970 የጂንስ ክር ወደ መንከር ዞረ። የጂንስ ድር እንደ ገመድ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ስለሚነከር የክሩ እምብርት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሲፈተግ ነጩ ብቅ ይላል፣ አሮጌ ጂንስና አሮጌ ቦሮ በእርጅናቸው የሚመሳሰሉትም ስለዚህ ነው። ካፒታል የተባለው የኮጂማ ልብስ ሠሪ በቦሮና በሳሺኮ አሠራር የታወቀው ይህን ዝምድና ተገንዝቦ ነው።

አጭር ሱሪም ቢሆን ለጃፓን የሠራተኛ ልብስ እንግዳ አይደለም። ሞሞሂኪ የተባለው ከእግር ጋር የሚጣበቅ የጥጥ ሱሪ የአናጢዎችና የገበሬዎች ልብስ ነበር፤ ከጉልበት በላይ የሚቀረው ግማሽ ሞሞሂኪ ደግሞ በሰው የሚጎተተውን ሠረገላ የሚስቡ ሰዎች ይለብሱት የነበረ፣ ዛሬም በበዓል ቀን ታቦት መሰሉን ሚኮሺ በትከሻቸው የሚሸከሙ ወጣቶች የሚታዩበት ልብስ ነው። ስለዚህ የቦሮ ቁምጣ ሠሪ ከሰሜን ስፌቱንና ንብርብሩን፣ ከሠራተኛው ልብስ ቁመቱን ወስዷል ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ሁለቱን ማገናኘቱ በራሱ የሚነቀፍ ነገር የለበትም።

ልዩነቱ የሚመጣው አሠራሩ ላይ ነው፤ ልብስ ገዢው ሊያውቀው የሚገባውም ይህንን ነው። በቦሮ ስም ከሚሸጡት ቁምጣዎች አንዳንዶቹ እራፊም ስፌትም የላቸውም፤ የእራፊው ምስል በጨርቁ ላይ የታተመ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሳሺኮ-ኦሪ ከተባለ ጨርቅ የተሰፉ ናቸው፤ ይህ የእጅ ስፌቱን መልክ በሽመና መኪና የሚያስገኝ፣ ወፈር ያለና ጠንካራ ጨርቅ ሲሆን የጁዶ ልብስም የሚሠራበት በመሆኑ፣ ስሙ በትክክል እስከተነገረ ድረስ በራሱ የተከበረ ሥራ ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ አዲስም ሆነ ልባሽ ጨርቅ ተቆርጦ በእውነት የተደረበባቸውና በእጅ የተሰፉ አሉ። በመጨረሻም እውነተኛ ጥንታዊ ቦሮ ተቆርጦ የተሠራባቸው ይገኛሉ፤ እነዚህም ዋጋቸው ከሁሉ የናረ ሲሆን፣ ሊወደሱ ግን አይገባም። ጥንታዊ ቦሮ ተጨማሪ የማይመረትበት፣ ቁጥሩ የተወሰነ ነገር ነው፤ የአንድን ቤተሰብ የመቶ ዓመት ኑሮ በንብርብሩ የመዘገበ ልብስ መቀስ ሲገባበት፣ የትኛው እራፊ በየትኛው ላይ እንደቀደመ የሚያሳየው ቅደም ተከተል ለዘለዓለም ይጠፋል። ሴቶቹ ራሳቸው እየቆረጡ ይጠቀሙበት አልነበረምን የሚል ክርክር ይነሣል፤ እነርሱ ግን የቆረጡት ልጃቸው ብርድ እንዳይመታው ነው።

በደንብ የተሠራ አንድ የቦሮ ቁምጣ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትልልቆቹ እራፊዎች ነው፤ ማየት የሚገባው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቁምጣ ጉልበት ስለሌለው የድሮው ሱሪ ቶሎ የሚያልቅበት ቦታ በእርሱ ላይ የለም፤ ቁምጣ የሚያልቀው በብሽሽቱ፣ ጭን ከጭን በሚፋተግበት በውስጥ በኩል፣ እጅ በሚመላለስበት በኪሱ አፍና በመቀመጫው ላይ ነው። እራፊው በእነዚህ ቦታዎች ከሌለና በጭኑ ፊት ላይ ብቻ ከተሰለፈ፣ ሠሪው የቦሮን መልክ እንጂ ሐሳቡን አልወሰደም ማለት ነው። ቁምጣው ወደ ውስጥ ሲገለበጥ ደግሞ ብዙ ይናገራል፦ የእጅ ስፌት በውስጥ በኩል እንደ ውጭው ይታያል፣ የስፌቶቹ ርዝመትም በጥቂቱ ይለያያል፤ የእራፊው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተዘምዝሞ ወይም ሆን ተብሎ እንዲተረተር ተትቶ ይገኛል፤ የተደረበው ጨርቅ አስቀድሞ ታጥቦ ከሆነ ዙሪያው አይሸበሸብም፣ ካልታጠበ ግን ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ተኮማትሮ መሠረቱን ይስበዋል። በሙቀት ወራት ለሚለበስ ልብስ ንብርብሩ ከሁለት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ካለፈ ላብ ይይዛል፣ ለብርድ የታሰበው ጥቅምም ጉዳት ይሆናል። የሄምፕና የጥጥ ቅይጥ የሚጠቀሙ ሠሪዎች ስለዚህ ብልሆች ናቸው፤ ሄምፕ በሰሜን ጥር ያሳፈረው ነፋስ የማሳለፍ ጠባዩ በነሐሴ ሙቀት ምስጋና ያስገኝለታል።

ጃፓናውያን በአንድ ነገር ውስጥ ገና ያልተሠራበት ጥቅም እያለ ሲጣል የሚሰማውን ጸጸት «ሞታይናይ» ይሉታል። ቃሉን ከጃፓን ውጭ ያስተዋወቁት ደግሞ አፍሪካዊት ናቸው፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን የተቀበሉት ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ2005 ጃፓንን ሲጎበኙ ቃሉን ሰምተው ወደዱት፣ በዚያው ዓመትም በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ላይ ተናገሩበት። አዲስ ጨርቅ ተቦጫጭቆና ተፈትጎ እንዲያረጅ ከተደረገ በኋላ የሚጣፍበት ቁምጣ ይህን ቃል በስሙ ላይ ሊለጥፍ አይገባውም፤ ከስፌት ቤት ወለል ላይ በተለቀመ ቁራጭ ወይም በልባሽ ጨርቅ የተሠራ ከሆነ ግን ቃሉ ቦታውን አግኝቷል።

ቦሮ ዛሬም ከኑሮ ጋር የተያያዘ ሥራ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው ከአኦሞሪ ደቡብ፣ በኢዋቴ አውራጃ ጠረፍ ላይ ባለችው ኦትሱቺ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። መጋቢት 11 ቀን 2011 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ኦትሱቺ ከ1,200 በላይ ነዋሪዎቿን ስታጣ፣ ከንቲባዋም ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። የተረፉት በመጠለያ ተሰብስበው ሳለ ወንዶቹ ፍርስራሽ ለማንሣት ሲወጡ፣ ብዙ ሴቶች በተለይም አረጋውያን የሚሠሩት ነገር አጥተው ቀኑን ሙሉ ይቀመጡ ነበር፤ በዚያው ዓመት የሳሺኮ ፕሮጀክት የተጀመረው ለእነርሱ ሲባል ነው። መጀመሪያ የሰፉት የብርጭቆ ማስቀመጫና የዕቃ መወልወያ የመሳሰሉ ትንንሽ ነገሮችን ነበር፤ ስፌታቸው እየሠለጠነ ሲሄድ የቶኪዮ ልብስ ሠሪዎች ሥራ ይሰጧቸው ጀመር፣ ከእነዚህም አንዱ ቦሮን የዲዛይኑ መሠረት ያደረገው ኩኦን ነው። ለሥራው ሳሺኮ የተመረጠበት ምክንያት ከሰሜን እናቶች ምክንያት ብዙም የራቀ አይደለም፤ መኪና አይጠይቅም፣ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፣ በመጠለያው አዳራሽ ለእያንዳንዱ ሰው ከተሰጠችው ከአንዲት ፍራሽ ወርድ በማትበልጥ ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ መርፌና ክር ይዞ፣ አንዱን መሥመር ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ማለፍ ይቻላል።